ቫን ቭሎተን በ25 ዓመቷ ጀምራ በ39 ዓመቷ ሁሉን ጠቀለለች፦ ዘግይቶ መጀመር ጠቀማት ወይስ ጎዳት?

ዳገት_ወዳድ፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። እዚህ ቤት ኳስና ሩጫ እንጂ ብስክሌት ሲወራ አይቼ አላውቅም፤ እስቲ እኔ ልጀምረው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

አነሚክ ቫን ቭሎተንን የሚያውቃት አለ? ሆላንዳዊት የጎዳና ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበረች፤ በ2023 መስከረም ላይ ጫማዋን ሰቅላለች። የተወለደችው በ1982 ነው። ልጅነቷ ግን በውድድር አላለፈም። ኳስ ትጫወት ነበር፤ ጉልበቷ ሲጎዳ ኳሱ ቀረ። ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የበሽታዎችን ሥርጭት አጥንታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች፣ እንደ ማንኛችንም ሥራ ገባች። የምር መወዳደር የጀመረችው ወደ 25 ዓመቷ ገደማ ነው። ሌላው በዚህ ዕድሜው "አሁንማ አለፈኝ" ብሎ ይቀመጣል።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ይመሽብናል። የፍላንደርስን ዙር በ2011 አሸነፈች፣ አሥር ዓመት ቆይታ በ2021 ደገመችው። በ2017 እና በ2018 በግል ሰዓት (እያንዳንዷ ብቻዋን ከሰዓት ጋር የምትወዳደርበት) የዓለም ሻምፒዮን፤ በ2019 እና በ2022 በጎዳና ውድድር የዓለም ሻምፒዮን። የቶኪዮ ኦሊምፒክ የግል ሰዓት ወርቅ የእሷ ነው። የጣልያን ዙርን አራት ጊዜ ወስዳለች። 2022ን ደግሞ ለብቻው ተመልከቱት፦ የቤልጅየሙ የአንድ ቀን ውድድር ሊዬዥ፣ የጣልያን ዙር፣ የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ፣ የስፔን ዙር፣ የዓለም ሻምፒዮና። ሁሉም በአንድ ዓመት! መስከረም ላይ የዓለም ሻምፒዮኗን ቀስተ ደመና ማሊያ ስትለብስ 40 ሊሞላት ሁለት ሳምንት ነበር የቀራት።

የኔ አቋም ይኸውላችሁ፦ የጠቀማት ዘግይታ መጀመሯ ነው። በ14 ዓመቷ ቢይዟት ኖሮ በ28 ሰልችቷት ትተወው ነበር። እግሯም ጭንቅላቷም ትኩስ ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። የማትስማሙ በሉ እንስማችሁ።


ቁጥር_ወዳጅ፦

አልስማማም። ለዚህ አባባልህ ማሪያን ቮስ ብቻዋን በቂ መልስ ናት። እሷም ሆላንዳዊት፣ በ1987 የተወለደች። በ19 ዓመቷ፣ በ2006፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2008 ቤይጂንግ በትራክ ወርቅ፣ በ2012 ለንደን በጎዳና ወርቅ። በ2012 እና በ2013 እንደገና የዓለም ሻምፒዮን። በጭቃ ብስክሌት ስምንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን። ስታሸንፍ የኖረችው ውድድር ከ250 በላይ ነው። ቫን ቭሎተን ባሸነፈችው የ2022 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ ለብሳ የከረመችው ማን ነበረች? ቮስ ናት፣ በ35 ዓመቷ። ታዲያ በልጅነቷ የጀመረችው መቼ ሰለቻት?

አንዲት ሴት አይተህ ሕግ አታውጣ።


ሰማያዊ_ጀበና፦

እኔ በ25 ዓመቴ የጀመርኩት ነገር የዕቁብ ሰብሳቢነት ነው። እሱንም አቁሜዋለሁ። ቀጥሉ።


ከዩትሬክት፦

እኔ የምኖረው ስሟን ከያዘችው ቦታ አጠገብ ነው። ቭሎተን ድሮ ራሷን የቻለች መንደር ነበረች፣ አሁን የዩትሬክት ከተማ አካል ናት። ስለዚህ ጥቂት ልጨምር።

"በ25 ጀመረች" ሲባል ኢትዮጵያ ላለ አንባቢ ሌላ ትርጉም እንዳይሰጥ። እዚህ አገር ልጅ ብስክሌት የሚነዳው በእግሩ መሄድ እንደጀመረ ነው። ትምህርት ቤት በብስክሌት፣ ገበያ በብስክሌት፣ ዝናብ ቢጥልም በብስክሌት። ዘግይታ የጀመረችው ውድድሩን ነው፤ ሚዛኑንና ነፋሱንማ በልጅነቷ ጨርሳዋለች።

ነፋሱን በዋዛ አትዩት። ሆላንድ ዳገት የላትም ይባላል፤ ዳገቱ ነፋሱ ነው። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ተወዳዳሪዎቹ ከመንገዱ አንድ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ በሰያፍ ይደረደራሉ። እያንዳንዷ ከፊቷ ካለችው ትከሻ ሥር ትጠለላለች። መንገዱ ግን ጠባብ ነው፣ አሥር ወይ አሥራ አምስት ሰው ቢይዝ ነው። ቀጣይዋ ጠርዙ ላይ ትቀራለች፤ መከለያ የላትም፣ ብቻዋን ነፋሱን ትጋፈጣለች፣ ብዙም ሳትቆይ ትቆረጣለች። ከኋላዋ ያሉትም አብረዋት ይቆረጣሉ። ውድድሩ እንዲህ ለሁለት የሚከፈለው አንዳንዴ ማንም ሳይሸሽ (ፈጥኖ ከሌሎቹ ሳይለይ) ነው። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ከማኅበር ጋር ስለምወጣ በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ፤ ፊት ለፊትሽ የነበረው ጎማ አንዴ አንድ ክንድ ከራቀ በኋላ እሱን መድረስ የለም።

ሌላው የሆላንድ ቡድን ነው። በነዚያ ዓመታት ለብሔራዊ ቡድኑ መመረጥ ከውድድሩ ይከብድ ነበር። ቮስ፣ ቫን ደር ብሬገን፣ ቫን ቭሎተን፣ በኋላም ቮለሪንግ። ሁሉም ለማሸነፍ ነው የሚመጡት። ይህ የጠቀማቸውን ያህል የጎዳቸው ቀንም አለ፤ ቶኪዮን ያየ ያውቃል።


የመቀሌ_ልጅ፦

በመጨረሻ የብስክሌት ውይይት! ዳገት_ወዳድ ተባረክ።

እኔ በወጣትነቴ መቀሌ ላይ በክለብ ተወዳድሬያለሁ። ደረጃዬን አትጠይቁኝ። ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2019 ደግሞ የገባበት የአውስትራሊያው ሚቸልተን ስኮት ቡድን የሴቶችም ቡድን ነበረው። በዚያ የሴቶች ቡድን ውስጥ ማን ነበረች? ቫን ቭሎተን። በ2019 እና በ2020 የመቀሌው ልጅና የቭሎተኗ ሴት አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰዋል።

እሷ በዚያ ቡድን ሳለች ከወንዶቹ ጋር ልምምድ ትወጣ ነበር። ለማሳየት አይደለም። ከሴቶች ጋር ስትለማመድ የሚገፋት ሰው አጥታ ነው። ኋላ መቅረትን ፈልጋ ነው የሄደችው፤ ዳገት ላይ አንድ የሚቀድምህ ሰው ከሌለ እግርህ ውሸታም ይሆናል።

ከፍታውን ደግሞ አትርሱ። የምትለማመደው ቴነሪፍ ደሴት ላይ ቴይዴ በሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራና በጣልያኗ ሊቪኞ ነበር። ቴይዴ ላይ ብስክሌተኞቹ የሚያድሩበት ከፍታ ከባሕር ጠለል ወደ 2,100 ሜትር ነው። መቀሌ 2,200 ታልፋለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም በላይ ናት። እነሱ ለሳምንታት ከፍለው የሚያድሩበት ከፍታ ላይ እኛ በነፃ ተኝተን እናድራለን። የጎደለን ሌላ ነው፦ ብስክሌቱ ራሱ፣ መለዋወጫው፣ አስፋልቱ፣ በዓመት የሚደረገው የውድድር ብዛት።

ወደ ጥያቄው ስመለስ እኔ ከቁጥር_ወዳጅ ጋር ነኝ። ዘግይቶ መጀመር ጥቅም አይደለም። ያሸነፈችው ዘግይታም ቢሆን ነው።


ዳገት_ወዳድ፦

ለቁጥር_ወዳጅ፦ ቮስን ማን አሳነሳት? ቮስ ከሺህ አንዷ ናት። ከእሷ ጋር የጀመሩትና በ25 ዓመታቸው ያቆሙት የት ገቡ? የእነሱን ስም ማንም ስለማያውቅ ነው የማትቆጥራቸው።

ለየመቀሌ_ልጅ፦ የጽጋቡን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ጥሩ አመጣህ።


ቁጥር_ወዳጅ፦

አንተም ዘግይተው ጀምረው የትም ያልደረሱትን አትቆጥራቸውም። እነሱ ደግሞ ይበዛሉ።


ብርቱካን_ማሊያ፦

ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ። ከላይ "ቶኪዮን ያየ ያውቃል" ተብሏል። እኔ አላየሁም። ምን ሆነ?


ከዩትሬክት፦

ወይ አለማየትሽ። ቁጭ በይ።

2021 ሐምሌ፣ የኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ውድድር፣ 137 ኪሎ ሜትር። ገና ባንዲራው ሲወርድ አምስት ሴቶች ሸሹ። ከነሱ አንዷ አና ኪዘንሆፈር የምትባል ኦስትሪያዊት ናት። የሒሳብ ዶክተር፣ በዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ በዚያን ጊዜ ደመወዝ የሚከፍላት የብስክሌት ቡድን የሌላት። ትልልቆቹ ማን እንደሆነች እንኳ አላሰቡም። "ይሂዱ፣ ኋላ እንይዛቸዋለን" አሉ።

አሁን ልብ በይ። በተለመደው ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎቹ ጆሮ ላይ ሬዲዮ አለ፤ አሠልጣኙ ከመኪና ሆኖ "ከፊት ይህን ያህል ሰው አለ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ይቀድማል" ይላቸዋል። በኦሊምፒክ ሬዲዮ የለም። ከአንድ አገር የሚሰለፈውም ቢበዛ አራት ሰው ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሌላው የሚጎትት ትርፍ ሰው የለም።

ኪዘንሆፈር መድረሻው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው አብረዋት የቀሩትን ሁለቱን ጥላ ብቻዋን ሄደች። እነዚያን ሁለቱን፣ ፖላንዳዊቷንና እስራኤላዊቷን፣ ዋናው ጓድ (ከኋላ ተሰብስቦ የሚነዳው ብዙኃኑ) ወደ መጨረሻው ላይ ያዛቸው። ሆላንዶቹ ያኔ "ሁሉንም ያዝን" ብለው አመኑ። ቫን ቭሎተን ከጓዱ ወጥታ ሸሸች፣ ፉጂ የመኪና መወዳደሪያው ውስጥ ብቻዋን ገባች፣ መስመሩን አለፈች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ብታዪው! ኦሊምፒክ ያሸነፈች ሰው ፊት ነው።

ኪዘንሆፈር ከእሷ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ በፊት ገብታ ጨርሳለች።

እኛ እዚህ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን እያየን "ሁለተኛ ነሽ! ሁለተኛ ነሽ!" እንላለን፤ ማን ይሰማናል።


ሰማያዊ_ጀበና፦

ይሄስ ሰርግ ቤት ተሳስቶ ገብቶ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ እንደ መነሣት ነው።


ቅዳሜ_ሯጭ፦

ሳቁ፣ ግን እኔን ያሳዘነኝ ሌላው ነገር ነው። ይቺው ሴት በ2016 ሪዮ ላይ ወርቁ እጇ ላይ ነበር። ቪስታ ቺኔዛ የሚባለውን ዳገት ጨርሳ ቁልቁለቱን ብቻዋን እየመራች ስትወርድ እርጥብ መታጠፊያ ላይ ወደቀች። መንገዱ ዳር ያለው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተጋደመች፣ አትንቀሳቀስም። ሦስት የአከርካሪ አጥንቶቿ ተሰነጠቁ፣ ጭንቅላቷም ተመታ። በቀጥታ ሥርጭት ያየነው ሰዎች ሞታለች ብለን ነበር።

ከኋላዋ የነበረችው አሜሪካዊቷ ማራ አቦት መሪ ሆነች። እሷንም መጨረሻው መስመር ሊደርሱ 150 ሜትር ያህል ሲቀር ያዟት፤ ያለ ሜዳሊያ አራተኛ ወጣች። ወርቁን አና ቫን ደር ብሬገን ወሰደች፤ ያው የቫን ቭሎተን የአገሯ ልጅ።

አምስት ዓመት ጠብቃ ቶኪዮ ሄዳ እንደገና እንዲያ ሲሆን ምን ይባላል?


ዳገት_ወዳድ፦

የሚባለውማ እንዲህ ነው፦ ከዚያ ሦስት ቀን ቆይታ በግል ሰዓቱ ወርቁን ወሰደች። 22.1 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛዋን ስዊዘርላንዳዊት በ56 ሰከንድ ቀድማ። በግል ሰዓት 56 ሰከንድ ብዙ ነው። በዚያ ውድድር ላይ ከፊቴ ማን አለ፣ ማን ቀረ የሚል ጥያቄ የለም፤ አንቺና ሰዓቱ ብቻ ናችሁ።

እኔ ዘግይታ መጀመሯን ያነሣሁት ለዚህ ጭምር ነው። በ16 ዓመቷ ሻምፒዮን የተባለች ልጅ እንዲህ ያለ ውርደት ሲደርስባት ትሰበራለች። ይቺ ግን ሌላ ሕይወት ኖራ የመጣች፣ ውድድሩ የሕይወቷ ሙሉ ትርጉም ያልነበረ ሰው ናት።


ፔዳል_በፔዳል፦

ውርደት ማለት አልወድም። ሁለተኛ ወጥታለች እኮ። የብር ሜዳሊያ። እኛ አገር ብር ያመጣ በአበባ ነው የሚቀበሉት።

ግን ሁላችሁም የረሳችሁት የ2023 የስፔን ዙር አለ። ስለ ጀግንነቷ ስታወሩ ያችን ቀን ዘለላችኋት። ቮለሪንግ ቀዩን የመሪነት ማሊያ ለብሳ በስድስተኛው ቀን ለሽንት ወረደች። የቫን ቭሎተን ቡድን ሞቪስታር በዚያች ሰዓት ፍጥነት ጨመረ። ነፋስ ነበር፣ ጓዱ ተቆረጠ፣ ቮለሪንግ ከአንድ ደቂቃ በላይ አጣች። በማግስቱ ኮቫዶንጋ ሐይቆች ዳገት ላይ ቮለሪንግ ጥላት ብትሄድም አልበቃትም። ዙሩን ቫን ቭሎተን በ9 ሰከንድ አሸነፈች። ዘጠኝ! ያለዚያች ሽንት አታሸንፍም ነበር።


የመቀሌ_ልጅ፦

ሞቪስታሮች "ያ ቦታ አስቀድመን ያቀድንበት ነው" ብለዋል። ነፋሱ የት እንደሚመታ ካርታ ላይ የታወቀ ነው። ማሊያ የለበሰ ሰው ነፋስ የሚጠበቅበት ቦታ ከመድረሱ በፊት ለሽንት መቆም የራሱ ጥፋት ነው። እኛም ብንሆን ክለባችን ውስጥ የተማርነው የመጀመሪያው ነገር ይሄው ነበር፦ ነፋስ ያለበት መታጠፊያ ከመድረስህ በፊት ብላ፣ ጠጣ፣ ሽና።


ፔዳል_በፔዳል፦

መሪዋ ለሽንት ስትቆም አለመሸሽ የቆየ ልማድ ነው። ወንዶቹ ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ጋ ሲሆን "የራሷ ጥፋት" ይባላል? በዚያ ላይ ለሴት መውረዱ ራሱ ከወንዱ ይረዝማል፤ ማሊያው ከቁምጣው ጋር የተሰፋ ነው፣ አስቡት እንጂ።


የመቀሌ_ልጅ፦

ወንዶቹም ሁሌ አይጠብቁም ወንድሜ። ጊዜው ካመቻቸው ይሸሻሉ፣ ከዚያ "አላየንም" ይላሉ።


ፔዳል_በፔዳል፦

ወንድምህ አይደለሁም፣ እህትህ ነኝ።


የመቀሌ_ልጅ፦

እሺ እህቴ። አቋሜ ግን ያው ነው 😄


አወያይ፦

የሽንቱ ጉዳይ ላይ ሁለታችሁም የምትሉትን ብላችኋል። ወደ ዋናው ጥያቄ።


ቁጥር_ወዳጅ፦

ወደ ዋናው ጥያቄ ካልን እኔ አንድ ሌላ ስም ላምጣ፦ ቤሪል በርተን። እንግሊዛዊት፣ 1937 ሊድስ የተወለደች። በልጅነቷ የሩማቲክ ትኩሳት ይዟት ከአንድ ዓመት በላይ በሕክምና ቆይታለች። ከዚያ ምን ሆነች? በጎዳና ሁለት ጊዜ፣ በ1960 እና በ1967፣ በትራክ ደግሞ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን። በአገሯ የዓመቱ ምርጥ ተብላ የተሸለመችው በተከታታይ 25 ዓመት ነው፣ ከ1959 እስከ 1983። ሥራዋ ደግሞ እርሻ ላይ የጉልበት ሥራ ነበር፤ ስትቆፍርና ስትሸከም ውላ ነው ልምምድ የምትወጣው።

በ1967፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ማን ብዙ ርቀት ይነዳል በሚባልበት ውድድር ላይ፣ 277.25 ማይል ነዳች፤ ወደ 446 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የወንዶቹ ክብረ ወሰን ከዚያ በታች ነበር። ማይክ ማክናማራ የሚባለው ሰው በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ አዲስ የወንዶች ክብረ ወሰን እያስመዘገበ ነበር፤ እሷ ግን ከኋላው መጥታ ደረሰችበት። ስታልፈው ኪሷ ውስጥ ከነበረው ከረሜላ አንድ አቀበለችው። ተቀብሎ አመሰገናት። የእሷ ርቀት ከወንዶቹ ሁሉ በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ቆየ፤ የሴቶቹን ለመስበር ደግሞ እስከ 2017 ጠበቁ።

ኦሊምፒክ ግን አልሄደችም። ለምን? የሴቶች ብስክሌት ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው፤ የእሷ ጊዜ አልፎ። ስለዚህ ማን ይበልጣል ስትሉ በሜዳሊያ ብቻ አትቁጠሩ።


ቅዳሜ_ሯጭ፦

የከረሜላዋ ነገር እውነት ነው? ከኋላ መጥቶ እያለፈ ከረሜላ የሚሰጥህ ሰው... እኔ በዚያው ብስክሌቴን ሸጬ እገባ ነበር።


ቁጥር_ወዳጅ፦

እውነት ነው። ልጇ ዴኒዝም ተወዳዳሪ ነበረች። በ1976 የአገር ሻምፒዮና ላይ ልጅ እናቷን ቀድማ አሸነፈች፤ እናት ሽልማቱ ላይ የልጇን እጅ አልጨብጥም አለች። እንዲህ ያለች ሰው ናት።


ሰማያዊ_ጀበና፦

እናቴ ናት ይቺ። በካርታ ጨዋታ ስትሸነፍ እንዲሁ ናት።


ከዩትሬክት፦

የበርተን ነገር ገንዘብን አስታወሰኝ። ቫን ቭሎተን ዘግይታ በመጀመሯ የተረፈችው መሰላቸትን ብቻ አይደለም፣ ድህነትንም ነው። የሴቶቹ ዋና ቡድኖች ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲከፍሉ የተገደዱት በ2020 ነው፤ እሱም በዓመት 15,000 ዩሮ ነበር። ከዚያ በፊት ያለ ደመወዝ የምትወዳደር ብዙ ነበረች። በ2022 የሴቶች ቱር ደ ፍራንስን ስታሸንፍ ለአሸናፊዋ የተሰጠው 50,000 ዩሮ ነው፤ በዚያው ዓመት ለወንዱ አሸናፊ 500,000። የምትጀምሪው ዲግሪሽን ይዘሽ ከሆነ፣ ባይሳካ የምትመለሺበት አለሽ። በ16 ዓመቷ ትምህርቱን ጥላ የገባችው ግን ምን ላይ ትውደቅ?

ስለዚህ ዳገት_ወዳድ በግማሹ ልክ ነህ፤ ምክንያትህ ግን ሌላ ነው።


ዳገት_ወዳድ፦

ይህን እቀበላለሁ። ጥሩ ነጥብ ነው።

የ2022ቱን ቱር ካነሣሽ አይቀር፣ እዚያ ላይ የሆነውን ያላየ ፈልጎ ይይ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሆድ ሕመም ነው ያሳለፈችው፤ ምግብ አልያዘላትም፣ ልታቋርጥ ደርሳ ነበር። በሰባተኛው ቀን ተራሮቹ ሲጀምሩ ገና ከመጀመሪያው ዳገት ላይ ሸሸች። ቮለሪንግ ብቻ ተከተለቻት። ሁለተኛው ዳገት ላይ እሷንም ጣለቻት፣ ከዚያ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻዋን ነዳች። ሌ ማርክስታይን ስትደርስ ቮለሪንግን 3 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ቀድማታለች። በማግስቱ ብስክሌቷ አስቸግሯት ከአንዴም ሁለቴ በላይ ቀየረች፤ እንደገና ደርሳባቸው ፕላንሽ ደ ቤል ፊይ ተራራ አናት ላይ አንደኛ ገባች።

ስትሸሽ መንገዷ ይሄው ነው። ተደብቃ ጠብቃ አይደለም። በ2019 ዮርክሻየር የዓለም ሻምፒዮና ላይ መድረሻው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ሎፍትሃውስ ዳገት ላይ ብቻዋን ሄደች። ሁሉም "አበደች" አለ። 149 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ 100ውን ብቻውን የሚነዳ ማን አለ? ሃሮጌት ስትደርስ የሁለት ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ልዩነት ነበራት።


ቅዳሜ_ሯጭ፦

እኔ ደግሞ የምወዳት ተደብቃ ያሸነፈችበትን ነው። የ2022 የዓለም ሻምፒዮና፣ ዎሎንጎንግ፣ አውስትራሊያ። ከጎዳናው ውድድር ሦስት ቀን በፊት በቡድን ሰዓት ገና ከመነሻው መድረክ ወርዳ ብዙም ሳትርቅ ወደቀች፤ ክርኗ ተሰበረ። ለጎዳናው ቀረበች፣ ግን ቆማ መግፋት አትችልም። ብስክሌተኛ ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነሥቶ መሪውን ሲጎትት ክብደቱ ሁሉ ክንዱ ላይ ነው፤ ክርን ከሌለ መነሣት የለም። ስለዚህ ዳገቶቹ ላይ በተቀመጠችበት እየተንገዳገደች ቆየች፣ ተቆረጠች፣ ተመለሰች። ለቮስ ልታግዝ ነበር የተሰለፈችው።

መጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊት ያሉት እርስ በርስ ሲተያዩ እሷ ከኋላ በፍጥነት መጣች። ቆማ መሽቀዳደም ስለማትችል የቀራት አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ማንም ሳያስብ በጎናቸው ማለፍ። አለፈቻቸው። ሎተ ኮፔኪ ነቅታ ስትነሣ ጊዜው አልፏል። መስመሩን ስታልፍ ራሷ ማመን አቅቷት አፏን ይዛ ነበር።


ብርቱካን_ማሊያ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሳይ አደርኩ። አሁን እውነተኛ ጥያቄዬን ልጠይቅ። እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነኝ፣ በባንክ እሠራለሁ። ሩጫ ትንሽ እሮጣለሁ። ብስክሌት መጀመር ሞኝነት ነው? ሻምፒዮን እሆናለሁ ብዬ አይደለም።


ቁጥር_ወዳጅ፦

በዚህ ላይ ከዳገት_ወዳድ ጋር ባልስማማም ማስረጃ ልስጥሽ። ስፔናዊቷ ማቪ ጋርሲያ ከሩጫና ከብስክሌት ጥምር ውድድር መጥታ በብስክሌት ቡድን የገባችው 30 ዓመቷን አልፋ ነው። በ2025 ቱር ደ ፍራንስ ላይ አንድ ቀን አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት ኪጋሊ ላይ፣ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዘጋጀችው የዓለም ሻምፒዮና፣ ነሐስ ወሰደች። 41 ዓመቷ ነበር።

ዳገት_ወዳድ ግን እንዳይደሰት፦ የ2025 ቱርን ያሸነፈችው ፖሊን ፌራን ፕሬቮ በልጅነቷ የጀመረች ናት፤ በ22 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች።


ዳገት_ወዳድ፦

አንድ ለአንድ ነን እንግዲህ። አፍሪካን ካነሣህ የሞሪሸሷን ኪም ለ ኩርትን ጨምርበት፤ በ2025 ሊዬዥን አሸንፋ በቱሩም ቢጫ ለብሳለች።


የመቀሌ_ልጅ፦

ለብርቱካን_ማሊያ፦ ሞኝነት አይደለም እህቴ። ውድ ብስክሌት አትግዢ። ያገለገለ፣ ግን ፍሬኑ የሚይዝና ቸርኬው ያልተጣመመ ይሁን፤ ስትገዢ ብስክሌቱን ገልብጠሽ ጎማውን አሽከርክሪና ቸርኬው ወደ ግራና ቀኝ ይወላገድ እንደሆነ እዪ። ኮርቻውን አስተካክዪ፦ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርገሽ ፔዳሉ ታች ሲሆን እግርሽ ሙሉ ለሙሉ መዘርጋት አለበት። ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ይጨርሳል።

ዳገቱን ለመጀመሪያው ወር ተዪው። በማለዳ መኪና ሳይበዛ ውጪ፣ የራስ ቁር አትርሺ። መንገድ ለሰው ተብሎ መኪና የሚዘጋባቸው እሁዶች አሉ፣ እነሱን ተጠቀሚ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን መታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ያዢ፤ የፊተኛውን ብቻ በድንገት እንዳትጨብጪ።


ብርቱካን_ማሊያ፦

እሺ ጋሼ። ያገለገለ የሚሸጥበት አስተማማኝ ቦታ ካለ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።


ፔዳል_በፔዳል፦

እኔ እጽፍልሻለሁ። እሱ ከቆየሽ ደግሞ ነፋስ ከመምጣቱ በፊት ሽኚ ይልሻል።